ሐይፋና ዮናቫ፦ ሁለት ትንንሽ አገሮችና የማይሸተው ጋዝ



ልጁን ይዞ የጥርስ ሐኪም ቤት የሄደ ወላጅ ሁሉ «ጋዝ ጽሖክ» የሚባለውን ያውቀዋል። ለሕፃኑ አፍንጫው ላይ ትንሽ ጭንብል ይደረግለታል፤ ጥቂት ከሳበ በኋላ ፍርሃቱ ይለቀዋል፤ አንዳንዱም ፈገግ ይላል። የጋዙ ትክክለኛ ስም ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1772 ለይቶ አወቀው። ሃምፍሪ ዴቪ በ1799 ራሱ እየሳበ ፈተነው። በ1844 ደግሞ ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ሕመም ለማስታገስ ተጠቀመበት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይኸው ጋዝ ግን ከማዳበሪያና ከአሲድ ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫም ይወጣል። እዚያ ሲወጣ የሚያስቅ ነገር የለውም። ቀለም የለውም፤ ከሩቅ የሚታወቅ ሽታ የለውም፤ የሚያልፍበትን ሰው አያስነጥስም፤ ዓይን አያቆጠቁጥም። አንዴ ወደ ሰማይ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ምድርንም ያሞቃል። በዚህ ላይ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን ያሳሳል። ይህን ሁለተኛ ጉዳት በ1970 ያመለከተው ሳይንቲስት ፓውል ክሩትሰን ሲሆን በ1995 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ለምን እናወዳድራለን?

የማኅበራችን ጋዜጣ ስለ ኬሚካል ፋብሪካ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት በሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ በቅርያት ያምና በአካባቢዋ ነው። ፋብሪካዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከእኛም መካከል እንጀራቸውን እዚያ ያገኙ አሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ከሥራችን የመጣ ነው። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የተሰማራን ሰዎች ውሎአችን ከቁጥር ጋር ነው። የድህነት መቶኛ፣ የትምህርት ማቋረጥ መቶኛ፣ «ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳናነብ አንውልም። ብዙ ጊዜ የሚነጻጸረውም የገዛ ማኅበረሰባችን ነው። ስለዚህ በቁጥር መመዘን ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ፍርዱ ሊሳሳት እንደሚችልም አይተናል። አገርን ከአገር የሚያወዳድር ሰንጠረዥ ባየን ቁጥር «እነዚህ ጎበዝ፣ እነዚያ ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ታሪክ መጠየቅ አለብን። ይህ ጽሑፍ ያንን በአንድ ምሳሌ ለማሳየት ይሞክራል፤ ምሳሌውም የእስራኤልና የሊቱዌኒያ የኢንዱስትሪ ናይትረስ ኦክሳይድ ልቀት ነው።

እነዚህን ሁለት አገሮች የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ ሊቱዌኒያ 3 ሚሊዮን የማይሞላ፣ እስራኤል 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላቸው። በሁለቱም አገሮች የዚህ ጋዝ ዋናው የኢንዱስትሪ ምንጭ አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ እርሱም የናይትሪክ አሲድ ምርት ነው። በሁለቱም አገሮች ሥራው በጥቂት ጭስ ማውጫዎች የተሰበሰበ ነው። በትልቅ አገር አንድ ፋብሪካ ከብዙ አንዱ ነው። በትንሽ አገር ግን አንድ ፋብሪካ የአገሪቱን ቁጥር ራሱን ሊሠራው ይችላል። የታሪኩ ቁልፍ ይህ ነው።

የሪጋው ልጅና የብሬስላው ልጅ

አባቶቻችን በጎንደር መሬት ሲደክምባቸው ያሳርፉት ነበር፤ የከብት ፍግ ይበትኑበት ነበር፤ እህሉን ከባቄላና ከአተር ጋር ያፈራርቁት ነበር። ስሙን ባያውቁትም ለመሬቱ የሚመልሱለት ናይትሮጅን ነበር። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ተክል ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ባለፈው መቶ ዓመት መባቻ ላይ የአውሮፓ ሳይንቲስቶች የተጨነቁበት ነገር ይህን ናይትሮጅን ከአየር አውርዶ ለተክል እንዲስማማ ማድረግ ነበር።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ስሞች ለታሪካችን ቅርብ ናቸው። አንደኛው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው። የተወለደው በ1853 በሪጋ ነው፤ ሪጋ ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ውስጥ የነበረች፣ ዛሬ የሊቱዌኒያ ጎረቤት የሆነችው የላትቪያ ዋና ከተማ ናት። ኦስትቫልድ አሞኒያን ከአየር ጋር በማቃጠል ናይትሪክ አሲድ የሚሠራበትን መንገድ በ1902 አስመዘገበ። ሁለተኛው ፍሪትዝ ሃበር ነው። በብሬስላው ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በኋላ ሃይማኖቱን የለወጠው ይህ ሰው በ1909 አሞኒያን ከአየር ናይትሮጅን መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽ ግኝቱን ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው፤ የመጀመሪያውም ትልቅ ፋብሪካ በ1913 በጀርመን አገር በኦፓው ሥራ ጀመረ።

የሃበር ሕይወት ለአይሁድ ሕዝብ መራራ ትምህርት ነው። ሥራው ሚሊዮኖችን የመገበ ማዳበሪያ አስገኘ። እርሱ ራሱ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን የመርዝ ጋዝ ጦርነት መራ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የለወጠው ሃይማኖትም ሆነ ለጀርመን ያበረከተው አገልግሎት አላዳነውም፤ በ1933 አገሩን ለቆ ወጣ። ሐይም ቫይስማን ወደ ረሆቦት እንዲመጣ ጋብዞት ነበር፤ ነገር ግን በጥር 1934 በባዝል ከተማ ሞተ። መጻሕፍቱ በረሆቦት ለሚገኘው የምርምር ተቋም ተሰጡ። በሐይፋም ሆነ በዮናቫ የተሠራው ሥራ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ውርስ ነው።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። አሞኒያ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እስከ 900 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ከፕላቲኒየም ሽቦ በተሸመነ ወንፊት ውስጥ ያልፋል። ፕላቲኒየሙ ካታሊስት ይባላል። ካታሊስት እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱን ወገኖች ያገናኛል፣ ያስማማል፣ ከዚያ እንደመጣ ይመለሳል፤ ከነርሱ ጋር አብሮ አይቀርም። አብዛኛው አሞኒያ ወደ ሚፈለገው ጋዝ ይለወጥና አሲድ ይሆናል። ጥቂቱ ግን መንገድ ስቶ ናይትረስ ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጥቂት ለፋብሪካው ጥቅም የለውም፤ ጉዳትም የለውም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ማንም ሳይቆጥረው በጭስ ማውጫው ወጣ።

ጥቂት ስንል ምን ያህል ነው? የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ባለሙያዎች በ2006 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ መከላከያ በሌለው መካከለኛ ግፊት ባለው ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ቶን ናይትሪክ አሲድ 7 ኪሎ ያህል ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል። እንግዲህ በዓመት 100,000 ቶን አሲድ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ 700 ቶን ይለቃል ማለት ነው። አንዱ ቶን ምድርን በማሞቅ ረገድ በ100 ዓመት ሲሰላ ከ265 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው ቢባል፣ ውጤቱ 185,500 ቶን ይሆናል። ይህ ሁሉ ከአንድ ጭስ ማውጫ፣ አንድም ጎረቤት ሳያስነጥስ የሚወጣ ነው።

በሐይፋ ባሕረ ሰላጤ

የሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ኢንዱስትሪ መንግሥት ከመመሥረቱ በፊት የተጀመረ ነው። የነዳጅ ማጣሪያው በእንግሊዞች ዘመን ተሠራ፤ «ዴሻኒም» ተብሎ የሚታወቀው የማዳበሪያና የኬሚካል ፋብሪካ በ1946 ተመሠረተ። በ1960ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ሐይፋ ኬሚካልስ ተጨመረ። የዚህ ፋብሪካ ሐሳብ ለአገሩ የተመቸ ነበር። ከሙት ባሕር ፖታሽ ይመጣል፤ በሐይፋ ናይትሪክ አሲድ ይሠራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ፖታሲየም ናይትሬት የተባለው ማዳበሪያ ይገኛል። ይህ ማዳበሪያ በውኃ ስለሚሟሟ እስራኤል ለዓለም ላስተዋወቀችው የጠብታ መስኖ ተስማሚ ነው፤ አብዛኛውም ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። በኋላም ኩባንያው በደቡብ፣ በሚሾር ሮተም ሌላ ፋብሪካ አቆመ።

የአካባቢው ነዋሪ ስለ እነዚህ ፋብሪካዎች ሲያማርር የኖረው በሚያየውና በሚያሸተው ነገር ነው፤ ስለ ቡናማው ጭስ፣ ስለ ቂሾን ወንዝ፣ ከሁሉም በላይ ግን ስለ አሞኒያው ገንዳ። እስከ 12,000 ቶን አሞኒያ የሚይዘው ይህ ገንዳ በቂሾን አጠገብ፣ ከብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ መኖሪያ ጥቂት ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። ስለ ናይትረስ ኦክሳይድ ሰልፍ የወጣ ሰው ግን የለም፤ የማይሸት ነገር ሰልፍ አያስወጣም።

በኔሪስ ወንዝ ዳር

ዮናቫ ከካውናስ፣ አይሁድ ቆቭኖ ከሚሏት ከተማ፣ በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኔሪስ ወንዝ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያኖቬ እየተባለች ብዙ አይሁድ የሚኖሩባት ነበረች። በ1941 ጀርመኖች ከገቡ በኋላ እነርሱና የአገሩ ተባባሪዎቻቸው የከተማዋን አይሁድ በአቅራቢያው ባለው ጫካ ወስደው ረሸኗቸው። ስለ ዮናቫ ስንጽፍ ይህን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም።

ከጦርነቱ በኋላ ሊቱዌኒያ በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሆነች። የሶቪየት መንግሥት በ1962 በዮናቫ አጠገብ ትልቅ የማዳበሪያ ፋብሪካ መሥራት ጀመረ፤ በ1965 የመጀመሪያው አሞኒያ ወጣ። ፋብሪካው የተሠራው ለሊቱዌኒያ ገበሬ ብቻ ሳይሆን ለሰፊው የሶቪየት እርሻ ነበር። ከነፃነት በኋላ ወደ ግል ተዛወረ፤ ዛሬ አኬማ ተብሎ ይታወቃል። በሊቱዌኒያ ናይትሪክ አሲድ የሚሠራው ይህ ፋብሪካ ብቻ ነው። ስለዚህ በአገሪቱ ሰንጠረዥ ውስጥ «ናይትሪክ አሲድ» ከሚለው ረድፍ ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ከአንድ አጥር ግቢ የወጣ ነው።

ሁለቱ ገንዳዎች

ወደ ጋዙ ከመመለሳችን በፊት ሁለቱን ከተሞች የሚያመሳስል አንድ ሌላ ነገር እናንሳ።

በመጋቢት 20 ቀን 1989 በዮናቫ ፋብሪካ ውስጥ 10,000 ቶን የሚይዝ የአሞኒያ ገንዳ ተሰነጠቀ። 7,000 ቶን ያህል ፈሳሽ አሞኒያ ፈሰሰ። እሳትም ተነሣ፤ እሳቱ ወደ ማዳበሪያ መጋዘን ተሻግሮ መርዘኛ ጭስ አስነሣ። 7 ሰዎች ሞቱ፤ 57 ቆሰሉ፤ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ከአካባቢው እንዲወጣ ተደረገ። ያን ቀን ነፋሱ ወደ ከተማው ነፍሶ ቢሆን ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

በሐይፋ ደግሞ እንዲህ ያለው አደጋ ሳይደርስ ሕዝቡ ቀደመው። ከ2006ቱ የሊባኖስ ጦርነት ወዲህ የገንዳው ነገር የሐይፋን ሰው እንቅልፍ ነሥቶት ነበር። በ2016 የሂዝቦላህ መሪ በንግግሩ ገንዳውን ከኑክሌር ቦምብ ጋር አመሳስሎ ዛተ። የሐይፋ ማዘጋጃ ቤትና የአካባቢ ተሟጋቾች ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። በ2017 ፍርድ ቤት ገንዳው ባዶ እንዲሆን አዘዘ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ትእዛዙን አጸና፤ ገንዳው ባዶ ሆነ። ያለ አሞኒያ ግን ናይትሪክ አሲድ የለም። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሥራ እንደሚዘጋና 800 ያህል ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። በኋላ በደቡብ ያለው ፋብሪካ ሥራውን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ገንዳው መነሣቱ ለሐይፋ ሕዝብ ትልቅ ድል ነበር። ለብዙ ሠራተኞች ቤት ደግሞ ጭንቀት ነበር። አምሳ ዓመት የሞላው፣ ዕብራይስጥ አጥርቶ የማይጽፍ፣ ሃያ ዓመት በአንድ ሚፍዓል የሠራ አባወራ የስንብት ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ በሙያችን ያየነው ነው። ፒጹዪሙ ያልቃል፤ ሰውየው ግን አዲስ ሥራ በቀላሉ አያገኝም። አንዱን እውነት ስንናገር ሌላውን መርሳት የለብንም።

ሁለቱ በሮች

አሁን ወደ ማይታየው ጋዝ እንመለስ። ጎረቤት የማያማርርበት፣ ፋብሪካውን ገንዘብ የማያስከፍል ጋዝ እንዴት ሊቀንስ ቻለ? መልሱ ዋጋ ስለወጣለት ነው።

በ1997 የተደረሰበት የኪዮቶ ስምምነት በየካቲት 2005 ሥራ ላይ ዋለ። ስምምነቱ ናይትረስ ኦክሳይድን ከሚቆጣጠራቸው ጋዞች አንዱ አደረገው። ሁለቱ አገሮቻችን ግን ወደ ስምምነቱ የገቡት በተለያየ በር ነው። ሊቱዌኒያ ግዴታ ካለባቸው አገሮች ተርታ ተመደበች፤ ልቀቷን ከ1990 ደረጃ በ8 ከመቶ ለመቀነስ ቃል ገባች። እስራኤል ግን በ2004 ስታጸድቀው ግዴታ ከሌለባቸው አገሮች ጋር ነበረች።

ስምምነቱ ለሁለቱም ገንዘብ የሚያስገኝ መንገድ ከፍቶ ነበር። ግዴታ በሌለባቸው አገሮች ያለ ፋብሪካ ልቀቱን ከቀነሰ፣ በቀነሰው ቶን ልክ የሚሸጥ ሰነድ ያገኛል፤ ይህ የንጹሕ ልማት ዘዴ ይባላል። ግዴታ ባለባቸው አገሮች ደግሞ የጋራ ትግበራ የሚባል ተመሳሳይ ዘዴ ነበረ። ሰነዱን የሚገዙት ልቀታቸውን በራሳቸው መቀነስ ውድ የሆነባቸው የሀብታም አገሮች ድርጅቶች ነበሩ።

ለናይትሪክ አሲድ ፋብሪካ ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። የሚያስፈልገው ከፕላቲኒየሙ ወንፊት ሥር ሁለተኛ ካታሊስት መጨመር ነበር። ያ ሁለተኛ ሽማግሌ ናይትረስ ኦክሳይዱን ወደ ተራ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይመልሰዋል፤ ምርቱን አይነካም። ፋብሪካውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ሠራተኛ ማሰናበትም አያስፈልግም። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ፣ 700 ቶኑ በ80 ከመቶ ቢቀንስ 140 ቶን ብቻ ይቀራል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ ከ185,500 ወደ 37,100 ቶን ይወርዳል ማለት ነው። ለአንድ አገር እንዲህ ያለ ቅናሽ በመንገድና በመኪና ለማምጣት ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር!

ሁለቱም አገሮች ዕድሉን ተጠቀሙበት። በእስራኤል የናይትሪክ አሲድ ምርት ላይ የንጹሕ ልማት ፕሮጀክቶች ተካሄዱ። በዮናቫም ከ2008 ጀምሮ በጋራ ትግበራ መንገድ ካታሊስቶች ገቡ፤ አንዳንዶቹ የገቡት በሶቪየት ዘመን በተሠሩ የአሲድ መሥመሮች ውስጥ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ያልተነካው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወረደ። የሁለቱ አገሮች ሕዝብ ግን መውጣቱንም መውረዱንም እምብዛም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። በ2012 መጨረሻ የእነዚያ ሰነዶች ዋጋ ከ1 ዩሮ በታች ወረደ፤ ገበያው ሞተ ማለት ይቻላል። ሊቱዌኒያ ግን ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አባል ነበረች። ኅብረቱ ከ2013 ጀምሮ የናይትሪክ አሲድ ፋብሪካዎችን ናይትረስ ኦክሳይድ በልቀት ንግድ ሥርዓቱ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲህ የዮናቫው ፋብሪካ በሚለቀው ቶን ልክ ዋጋ ያለው የልቀት ፈቃድ ማቅረብ አለበት፤ ካታሊስቱን ቢያወጣ ይከስራል። በእስራኤል ያን የመሰለ ገበያ የለም። ያለው የ2008ቱ የንጹሕ አየር ሕግ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ትልልቅ ፋብሪካዎች በፈቃድ እንዲሠሩ ያስገድዳል። በአንዱ አገር ጠባቂው ዋጋ ነው፤ በሌላው አገር ጠባቂው ሕግና ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪው ደግሞ የሚበረታው ሕዝብ ሲጠይቀው ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይመዘን?

እንግዲህ የሁለቱን አገሮች ሰንጠረዥ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው አራት ነገር ማጣራት አለበት።

አንደኛ፣ ማባዣው አንድ ነው ወይ? በኪዮቶ የመጀመሪያው ዘመን 1 ቶን ናይትረስ ኦክሳይድ እንደ 310 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠር ነበር። በኋላ 298 ሆነ፤ በፓሪሱ ስምምነት ዘገባ 265 ነው። የእኛ ምሳሌ 700 ቶን በድሮው ስሌት 217,000፣ በአሁኑ 185,500 ይሆናል። ፋብሪካው አንዲት ብሎን ሳይነካ 31,500 ቶን «ቀነሰ» ማለት ነው። አንዱን አገር በድሮው፣ ሌላውን በአዲሱ የለካ ሰው በሁለት ቁና እየሰፈረ ነው።

ሁለተኛ፣ መነሻው ዓመት የቱ ነው? ለሊቱዌኒያ መነሻው 1990፣ የሶቪየት ኢንዱስትሪ ገና ሳይፈርስ የነበረበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት የአገሪቱን ጠቅላላ ልቀት ከግማሽ በላይ ቀነሰው። እስራኤል ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችው የመጀመሪያ ቆጠራ የ1996 ነው፤ ያን ጊዜ አገሪቱ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ የመጡትን ስደተኞች ተቀብላ እያደገች ነበር። አንዱ ከተራራ ጫፍ፣ ሌላው ከዳገት ወገብ ጀምሮ ሲለካ ማን ይበልጥ እንደወረደ መናገር ትርጉም የለውም።

ሦስተኛ፣ በምን ይካፈል? በነፍስ ወከፍ ካካፈልነው ሊቱዌኒያ ሁልጊዜ የከፋች ትመስላለች፤ ምክንያቱም ትልቅ ፋብሪካና ትንሽ ሕዝብ ነው ያላት። ማዳበሪያው ግን በአብዛኛው የሚበተነው በሌላ አገር እርሻ ላይ ነው። የእስራኤልም እንዲሁ ነው። ፋብሪካን ከፋብሪካ ጋር ለማወዳደር ትክክለኛው መለኪያ «ለአንድ ቶን አሲድ ስንት ኪሎ ጋዝ ወጣ?» የሚለው ነው። የካታሊስቱን ሥራ የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነው።

አራተኛውና ዋናው፣ ቁጥሩ ለምን ወረደ? ካታሊስት ስለገባ ሊሆን ይችላል። ገንዳ ባዶ ሆኖ ፋብሪካ ስለተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ በሐይፋ በ2017 የሆነው ይህ ነው። የጋዝ ዋጋ ሰማይ ስለነካ ሊሆንም ይችላል፤ በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የአውሮፓ የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ሲንር የዮናቫው ፋብሪካ ምርቱን አቋርጦ ነበር። በሦስቱም ጊዜ በሰንጠረዡ ላይ መሥመሩ ወደ ታች ይሄዳል። ለሠራተኛው፣ ለጎረቤቱና ለገበሬው ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም።

በትንሽ አገር አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። አምራቹ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች የስታቲስቲክስ ቢሮዎች የንግድ ምስጢር ነው በማለት ዝርዝሩን ይሸፍኑታል። ስለዚህ የፋብሪካዎች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በእስራኤል በ2012 በወጣ ሕግ ትልልቅ ፋብሪካዎች ወደ አየር፣ ወደ ውኃና ወደ መሬት የሚለቁትን በየዓመቱ እንዲያስታውቁ ይገደዳሉ፤ መዝገቡም ለማንም ሰው ክፍት ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት በዕብራይስጥ የሚያነቡትን ያህል ካነበቡ ይህንንም ማንበብ ይችላሉ።

ሸክሙ የማን ነው?

ከሁለቱ ከተሞች ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። የሚታይና የሚሸት ጉዳት ሕዝብ ያስነሣል፤ አንዳንዴም እንደ ዮናቫ ሰው ከሞተ በኋላ፣ አንዳንዴም እንደ ሐይፋ ከመሞቱ በፊት። የማይታይ ጉዳት ግን የሚቀንሰው ሰው ሲቆጥረውና ቁጥሩ ለአንድ ሰው ዋጋ ሲኖረው ነው። በትንሽ አገር ሥራው ቀላል ነው፤ ጥቂት ጭስ ማውጫ ላይ የተሠራ ሥራ የአገር ቁጥር ይለውጣል። ነገር ግን በትንሽ አገር ማጭበርበርም ቀላል ነው፤ የአንድ ፋብሪካ መዘጋት የመንግሥት ስኬት ሆኖ ሊነገር ይችላል።

በ2022 የእስራኤል መንግሥት በሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ያሉት የነዳጅና የፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎች በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሥራ እንዲያቆሙ ወስኗል። ይህ ውሳኔ ሥራ ላይ ሲውል እንደገና ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ወረዱ ቁጥሮች እንሰማለን። ያን ጊዜ በሰፈር ስብሰባ ላይ ዝም ብለን እንዳንቀመጥ ሦስት ጥያቄዎችን ይዘን እንሂድ። ቁጥሩ የወረደው ጋዙ ስለተጣራ ነው ወይስ ሥራው ወደ ሌላ ሰፈር፣ ምናልባትም ወደ ነጌቭ ወገኖቻችን ደጅ ስለሄደ? ሥራውን ያጣው ሠራተኛ ምን ተደረገለት? ነገስ ቁጥሩ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ማን ነው?

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይሉ ነበር። የንጹሕ አየር ዋጋ በሥራ ፈቱ አባወራ ትከሻ ላይ ብቻ ከተጫነ ሸክም ነው። ፋብሪካውም፣ መንግሥቱም፣ ማዳበሪያውን የሚገዛው ሩቅ አገርም ድርሻ ድርሻቸውን ሲያነሱ ግን ለልጆቻችን ጌጥ ይሆናል። ሁለቱን አገሮች ያነጻጸርነው አንዱን ለማመስገን ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኛም በቁጥር ስንነጻጸር እንዲጠየቅልን የምንፈልገውን ጥያቄ እኛ ራሳችን ለሌሎች መጠየቅን እንድንለምድ ነው።